ውኃ የሚያባክነው ሟች

ባለፈው ሳምንት ሸዋ በር ገበያ ማንጎ እየመረጥኩ ሳለ ድምፅ ማጉያ የጫነች ባጃጅ መጣች። «ውድ ደንበኞቻችን! አዲሱ የውኃ ታሪፍ ፍትሐዊ ነው! ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይከፍላል፣ ጥቂት የሚጠቀም ይደጎማል!» ትላለች። ሳላስበው «ቱፍ!» አልኩ። ማንጎ ሻጯ ደንግጣ «ምነው እትዬ፣ ማንጎዬ ምን በደለዎት?» አለችኝ።

«አንቺን አይደለም የኔ ልጅ፣ ባጃጇን ነው» አልኳት።

ይህን ቃል ገና ኮረዳ ሳለሁ ሰምቼዋለሁ። ያኔም እንዲሁ ማር በተቀባ አፍ ነበር የተነገረው። 

ያን ጊዜ እኔና እናቴ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ አቦከር ሰፈር፣ እማ ዘይነባ ጊቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ነርስ ነበረች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ፤ በአጭሩ ሥራ ፈት ነኝ። የጀጎልን ጊቢ ለማያውቅ ሰው፣ ከውጭ ሲያዩት አንድ ግንብና አንድ በር ነው። በሩን ገፋ አድርገው ሲገቡ ግን ሌላ ሰፈር ያገኛሉ። በእኛ ጊቢ እማ ዘይነባ አሉ፣ ትልቋ ልጃቸው ፈቲያ ከነባሏ አለች፣ ወንድማቸው አለ፣ ከዚያ እኛ ሦስቱ ተከራዮች። ስድስት ቤት፣ ስድስት ምድጃ። ለስድስቱም ያለው አንድ ቧንቧና አንድ ቆጣሪ ነበር። ቆጣሪው የተመዘገበው በእማ ዘይነባ ባለቤት በሐጂ አብዱላሂ ስም ሲሆን፣ ሐጂ ግን ካረፉ ቆይተዋል።

በጋ ሲገባ ውኃ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲያሻው ይመጣል። ቧንቧው መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ የዛገ ቆርቆሮ የሚሸት ቡናማ ነገር ያስታውካል፣ ውኃ የሚመስለው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን የጊቢው በር ወለል ይላል። ከጎረቤት ጊቢም፣ ጫታቸውን ሸጠው ወደ ገጠር ከሚመለሱት ሴቶችም፣ ጄሪካን የያዘ ሁሉ ይገባል። እማ ዘይነባ ማንንም መልሰው አያውቁም። እንዲያውም ወረፋ ለያዘው ሰው ሆጃ የሚባለውን የቡና ገለባ በወተት አፍልተው በብርጭቆ ያዞሩ ነበር። «ውኃ የጠየቀን መመለስ ሐራም ነው» ይላሉ። አለቀ።

ታዲያ አዲስ ታሪፍ ወጣ። እንደ ደረጃ ነው የተሠራው፤ ትንሽ የቀዳ በርካሽ፣ በጨመረ ቁጥር በውድ። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ለድሀ የታሰበ ይመስላል። ችግሩ፣ ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲቀዳ ቆጣሪው የሚያየው አንድ ጠጪ ነው። እኛ ጊቢ፣ ግማሹ ሰው ቀን ሠርቶ አዳሪ ሆኖ ሳለ፣ ከሆቴሎች እኩል የላይኛው ደረጃ ላይ ተሰቀለ። ለክፍያው የምናዋጣው እጥፍ ሆነ፤ ከዚያም ካልከፈላችሁ ቧንቧችሁ ይቆረጣል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ።

ፈቲያ አንድ ጠዋት ለእናቷ ፊት ለፊት ተናገረች። «ወይ ቧንቧውን ቆልፊ፣ ወይ ተከራዮቹን አስወጪ። ሦስተኛ መንገድ የለም።»

እናቴ ሰምታለች። እኔም ሰምቻለሁ። የት ልንገባ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበላልኝ አለ።

«ቧንቧዬን ቆልፌ ለአላህ ምን ልለው ነው?» አሉ እማ ዘይነባ። «የውኃ ቢሮ ሰዎች ስብሰባ ጠርተዋል አይደል? ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ስድስት ነን ስላቸው ይገባቸዋል። ሰዎች አይደሉም እንዴ?» ከዚያ ወደኔ ዞረው «አንቺ ነይ፤ የቢሮ አማርኛ ሲያወሩ ትፈቺልኛለሽ» አሉኝ።

ለዒድ የሚለብሱትን ቀይ ቀሚስ ለብሰው በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ አልፈን ከግንቡ ወጣን። አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። እሳቸው ያገኙትን ሁሉ ሰላም ይላሉ፤ ሠርግ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። አንጀቴን የሚበላኝ ያ ደስታቸው ነው።

አዳራሹ ውስጥ ከረባት ያሰረ ወጣት ኃላፊ ስለ «ዘላቂነት» እና ስለ «ወጪ ማስመለስ» ሲያስረዳ ቆየ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ውሸት አልነበረም። ፓምፕ በጸሎት አይሠራም፤ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ቧንቧም ያረጃል። እማ ዘይነባም ራሳቸውን እየነቀነቁ «እውነቱን ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ ሰውዬው ስም ማንበብ ጀመረ። «ከመኖሪያ ቤት ደንበኞች በአባካኝነት ግንባር ቀደም የሆኑት፣ ሐጂ አብዱላሂ!»

እማ ዘይነባ ብድግ አሉ። «ልጄ፣ ሐጂ ከሞተ ስንት ጊዜው! ጀነት ሆኖ ነው ውኃችሁን የሚያባክነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «በአንድ በር የምንገባ ስድስት ቤት ነን። ስድስት ብላችሁ ቁጠሩን። በነፃ ስጡን አላልንም።»

«እናቴ፣ መመሪያው የሚያውቀው ቆጣሪ ነው እንጂ ምድጃ አያውቅም» አለ ሰውዬው።

«እሺ፣ ስድስት ቆጣሪ አስገቡልን።»

«ስድስት የቤት ካርታ ካመጡ እናስገባለን። ደግሞ ለጎረቤት ውኃ ያድላሉ የሚል ጥቆማ ደርሶናል። ይሄ ሕገ ወጥ ንግድ ነው።»

«ንግድ? ወላሂ አንድ ቀን ሸጬ አላውቅም!»

«ሸጡም ሰጡም ለእኛ ያው ነው።»

ይህን ሲል ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። ስንት ነገር ሰምቼ ረስቻለሁ፤ ይህቺን ግን እስክሞት አልረሳትም። መሸጥና መስጠት ያው ነው! አስተማሪው ማን ይሆን?

ጉዱ አላለቀም። ቀጥሎ «አርአያ የሆኑ ውኃ ቆጣቢ ደንበኛ» ተብሎ አንድ ሰው መድረክ ላይ ተጠራ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ ደጎች ናቸው። ባለቦቴው ነው። ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ቪላ አለው፤ ጊቢው ውስጥ የራሱን ጉድጓድ አስቆፍሯል። ሣሩን የሚያጠጣው፣ መኪናውን የሚያጥበው፣ በቦቴ እየጫነም የሚሸጠው ከዚያው ነው። ቦቴው ጀጎል ስለማይገባ የግንቡ በር ላይ ይቆማል፤ እኛ በአህያ እያስጫንን በውድ እንገዛዋለን። ከመንግሥት ቧንቧ የሚቀዳው ምናልባት ለሻይ ቢሆን ነው። በታሪፉ ታዲያ የመጨረሻው ድሀ እሱ ሆነና ተደጎመ! ጋቢ አለበሱት፤ ተጨበጨበለት። ከጎኔ የነበሩት፣ ከእሱ ውኃ የሚገዙት ሴቶች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። 

 ስንመለስ ለእማ ዘይነባ ሀላዋ ገዝቼ ብሰጣቸው ሳይቀምሱት እጃቸው ውስጥ ቀለጠ። ብዙ ቀን ሳይቆይ ፈቲያ ለቧንቧው ቁልፍ ገዝታ መጣች፤ እሳቸውም አልከለከሏትም። ከዚያ ወዲያ ውኃ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ፣ ለእያንዳንዱ ቤት ተለክቶ የሚሰጥ ሆነ። በር የሚያንኳኳ ሰው ሲኖር እማ ዘይነባ ጓዳ ገብተው መስገጃቸው ላይ ይቀመጣሉ። «የለም» የምትለው ፈቲያ ነበረች። እኛ አልተባረርንም፤ የጎደለንን ከባለቦቴው እየገዛን ኖርን። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ እማ ዘይነባን ቀና ብላ ማየት ያሳፍራት ነበር።

በዓመቱ ከውኃ ቢሮ ሁለት ሰዎች ጋቢ ይዘው መጡ። «ሐጂ አብዱላሂ የፍጆታ ለውጥ ካሳዩ ደንበኞች አንዱ ሆነው ተመርጠዋል» አሉ። ሟቹ ቆጣቢ ሆነዋል! እማ ዘይነባ ጋቢውን ዳበስ ዳበስ አድርገው መልሰው አጠፉት።

«ለባለቦቴው ውሰዱለት» አሉ። «እኛ የቆጠብነውን የሸጠልን እሱ ነው።»

ሰዎቹ ተያይተው ወጡ። ገብቷቸው ይሁን አይሁን አላውቅም።

እማ ዘይነባ አልፈዋል፤ አላህ ይርሐማቸው። እኔ ዛሬ አዲሱ ከተማ ነው የምኖረው። ልጆቼ አግብተው ሄደዋል፤ ብቻዬን ነኝ። ጡረታዬ አለኝ፣ አንድ ክፍል ለሱቅ አከራያለሁ፣ የራሴ ቧንቧና የራሴ ቆጣሪ አለኝ። አንድ ሴት ምን ያህል ውኃ ትጨርሳለች? የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ነኝ። ያ ጊቢ ደግሞ ዛሬም አንድ በር፣ አንድ ቆጣሪ ነው፤ እንዲያውም ሰው በዝቶበታል። የሚከፍለው በላይኛው ደረጃ ነው። እኔን የሚደጉሙኝ እነሱ ናቸው። ጠዋት ቧንቧዬን ከፍቼ ፊቴን ስታጠብ ይሄ ትዝ ይለኛል፤ ያን ጊዜ ውኃው ራሱ ያስጠላኛል።