ትዋይላ የፋቀችው ቀለበት

በዚያች የዌስት ቨርጂኒያ ሸለቆ በሽጉጥ ዒላማ ኦሪን ሃስኬትን የሚደርስበት አልነበረም። ዕድሜ ልኩን ግን አንዲት ጥይት እንኳ በእጁ ሠርቶ አያውቅም። የምትሠራለት ሚስቱ ትዋይላ ነበረች። ከጎማ ቤት ጎማ ባላንስ የሚደረግበትን እርሳስ ትለቅማለች፣ ጓሮ ባለችው ክፍል አቅልጣ የጥይት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ታፈሳለች፣ የቀዘቀዘውን አረር፣ የጥይቱን ጫፍ፣ ሰም ቀብታ በብረት ቀለበት ውስጥ እየገፋች ልኩን ታስይዛለች፣ ከዚያ ባሩድ በሞላችው አሮጌ ቀለህ ላይ ትገጥመዋለች። ተኩሶ ሜዳሊያውን የሚያጠልቀው እሱ ነው። ሰው ሲያሞግሰው አንድ ቀን እንኳ «የሷ እጅ ነው» አላለም። ምን ይደበቃል፣ ምስጋና የማያውቅ ደረቅ ሰው ነበር።

ከዚያ ትዋይላን አእምሮዋ ከዳት። መጀመሪያ ምድጃ ማጥፋት ረሳች፣ ቀጥሎ የልጆቿን ስም፣ በመጨረሻም ባሏን። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ሲያቀርብላት «እግዜር ይስጥልኝ፤ እርስዎ ደግሞ የማን ጎረቤት ነዎት?» ትለዋለች። እሱን የምታውቀው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ድሮ ጠጠር ይወጣበት ወደነበረው የክለቡ መተኮሻ ሜዳ ይወስዳትና ከኋላው ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። እሷም እንደ ጥንቱ ሩቁን በሚያቀርብ መነጽር ዒላማውን ትመለከታለች። ጥይቶቹ መሃል ላይ ተጠጋግተው ሲያርፉ ፊቷ ይበራል።

«አስር! አንተ ኦሪን፣ ዛሬ ደግሞ ምን በልተህ ነው?»

ኦሪን ሳምንቱን ሙሉ የሚኖረው ይህችን ለመስማት ነበር።

እሷ የሠራችው ጥይት ማለቁ አልቀረም። ኦሪን እጅጌውን ሰብስቦ ጓሮ ገባ። ቀለበቱን አንስቶ ቢያየው ውስጡ ተፍቋል፣ ተጫጭሯል። «አርጅቷል» ብሎ ከቆሻሻ ጋር ጣለውና የሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለበት አስመጣ።

በአዲሱ ቀለበት ባለፉት አረሮች በተኮሰበት የመጀመሪያ ቅዳሜ ጥይቱ ዒላማው ላይ ተበታተነ። ሽጉጡን ፈትቶ ቢያይ የአፈሙዙ ውስጥ ግራጫ እርሳስ ተለጥፎበታል። ብሩሽ ይዞ ክንዱ እስኪዝል ፈተገ። እርሳሱ ለስላሳ ስለሆነ መሰለውና ጠንካራ ብረት ቀላቀለበት፤ ባሰ። ሰሙን ለወጠ፣ ባሩዱን ቀነሰ፤ ወይ ፍንክች። በአንዱ ቅዳሜ ትዋይላ መነጽሩን አውርዳ አካባቢዋን ቃኘች።

«ማነው የሚተኩሰው?»

«እኔ ነኝ እንጂ። ኦሪን።»

«ኧረ ይተዉኝ! የኔ ኦሪን እንዲህ አይተኩስም።»

ኦሪን መኪናው ውስጥ ገብቶ አለቀሰ።

ቅዳሜዎቹ እንዲሁ ባከኑ። ቅጠሉ ረግፎ ብርዱ ሲገባ የክለቡ ጓደኛው በርል ኦሪን ያመጣውን፣ ገና ቀለህ ላይ ያልተገጠሙ አረሮች ያሉበትን ሳጥን ከፍቶ አንዱን አረር አነሳና በባዶው ሽጉጥ አፍ ላይ አስቀመጠው። አረሩ ማንም ሳይገፋው ተንሸራቶ ገባ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ ምኑ ጥይት ነው? ካልሲህም ከዚህ ይሻል ነበር የሚገጥመው!» ብሎ ሳቀ በርል። «አረሩ ቀጭን እኮ ነው። እሳቱ በጎኑ እየሾለከ እርሳሱን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው አፈሙዙ ላይ ይለጠፋል። ስታጠነክረው ደግሞ ጭራሽ ሲተኮስ አላብጥ ብሎ ክፍተቱን አይደፍንም። የትዋይላ ቀለበት የት አለ?»

«ጣልኩት። ተፍቆ ነበር፣ ያረጀ መስሎኝ...»

የበርል ሳቅ ጠፋ። «ያረጀ? ያንተ ሽጉጥ አፈሙዝ ከሌላው ይሰፋል። ቀለበቱን ለሱ እንዲመጥን አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጣ በአሸዋ ወረቀት ያሰፋችው እሷ ናት። አልነገረችህም?»

ነግራው ይሆናል። ኦሪን ግን ስትናገር መቼ ሰምቷት ያውቃል!

ቆሻሻው ከተወሰደ ቆይቷል። ኦሪን በዚያ ክረምት አዲሱን ቀለበት ይዞ እሷ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ተቀመጠ። በአሸዋ ወረቀት ጥቂት ይፍቃል፣ አረር ያሳልፋል፣ በአፈሙዙ ይለካል፣ ደግሞ ይፍቃል። ጣቱ ደማ። ስንት ጊዜ እንዲህ ጣቷ ደምቶ ፋሻ ስትጠቀልል አይቶ እንዳልጠየቃት ትዝ ሲለው ሥራውን ትቶ ይቀመጣል። በረዶው ሲቀልጥ አረሩ በአፈሙዙ አልወድቅ አለ፤ ልኩ ተገኘ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ትዋይላን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወሰዳት። ተኮሰ። አፈሙዙን አየ፤ እንደ መስታወት ንጹሕ ነው። ዒላማው ላይ ጥይቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ አርፈዋል። ወደሷ ዞረ። ትዋይላ መነጽሩን ከዓይኗ አላነሳችም።

«አስር» አለች።

«አስር ነው፣ የኔ እመቤት! አስር ነው!»

መነጽሩን አወረደችና ፈገግ ብላ አየችው፤ ለእንግዳ እንደሚፈገገው።

«ጎበዝ ነዎት። ባሌም ልክ እንዲህ ነበር የሚተኩሰው። በሕይወት ቢኖር አስተዋውቃችሁ ነበር።»

ኦሪን ጎንበስ ብሎ ከጠጠሩ ላይ ባዶ ቀለሁን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ፤ ዳግም ሊሞላው ይሁን አይሁን ግን አያውቅም ነበር።