በዳቦ ቤት ምድጃ የተፈተነው ኮምፒውተር

በቆላዋ ከተማ በሸሕዲ ሰርግ የሚበዛው ሰሊጥ ተሸጦ የሰው እጅ ሲፍታታ ነው። በዚያ ወቅት ኢሕሳንን ቤቷ የሚያገኛት የለም። ካሜራዋን በምትከናነበው ቶቧ ውስጥ ሸሽጋ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ስትል ትውላለች። የወንዶቹን ዳስ የሚቀርጹ ልጆች በየሰፈሩ ሞልተዋል። የሴቶቹን ሂና የምትቀርጽ ግን እሷ ብቻ ናት።

ሂና በሚቀባበት ቤት ወንድ አይገባም፤ ወንድ አያይም። ሙሽራዋ መሐል ትቀመጣለች። ሴቶቹ ሻሻቸውን ጥለው፣ ጸጉራቸውን በትነው፣ ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙትን ሳቅ እዚያ ይስቁታል። ኢሕሳን ይህን ሁሉ ትቀርጻለች። ከዚያ ቤቷ ተቀምጣ የረዘመውን ታሳጥራለች፣ የጨለመውን ታበራለች፣ ጭፈራውን ከከበሮው ጋር ታስማማለች፤ በመጨረሻም በፍላሽ አድርጋ በሙሽራዋ እጅ ታኖራለች። ከሙሽራዋ እጅ ወዲያ ያለው የሙሽራዋ ጉዳይ ነው። እሷ ዘንድ የሚቀረው ግን አማና፣ የሰው አደራ ነው።

ሥራውን ያስተማራት ሰው የለም። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት በዋለችበት ጊዜ ከኻርቱም የተመለሰች አክስቷ ካሜራ አመጣችላት፤ የቀረውን ከስልክ ላይ እያየች፣ እያበላሸች፣ እያስተካከለች ለመደችው። አሁን ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። ከሽንፋና ከአብርሃ ጅራ ሳይቀር ይጠሯታል።

ችግሯ ላፕቶፑ ነበር። የገዛችው ጎንደር፣ በነሐሴ ዝናብ ነው። ሱቁ ውስጥ ሲሞከር እንደ በግ ጸጥ ብሎ ሠራ። ቆላ ወርዶ መጋቢት ሲገባ ግን ጠባዩ ተለወጠ። ትንሽ ሠርቶ ይግላል፣ ያቃስታል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። ቆለኛ ሁሉ የሚሳሳተው እንዲህ ነው፤ ዕቃውን በደጋ ብርድ ሞክሮ ይገዛና ለቆላ ሐሩር ያመጣዋል። ኢሕሳን በረዶ የሆነ የውሃ ላስቲክ በጨርቅ ጠቅልላ ከሥሩ ታደርግለት ጀመር። ባሏ ሙኽታር የትራክተር መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ለምሳ ሲመጣ ይህን ያይና፣ "እኔ ከፀሐይ መጥቼ የሞቀ ውሃ፣ ለእሱ በረዶ! ባልሽ የትኛችን ነን?" እያለ ይቀልድባታል።

ዘንድሮ ላፕቶፑ ጭራሽ አልነሣ አለ። ኢሕሳን ወደ ጠጋኙ ወደ ኢሳ ወሰደችው። ዕቃውን ትታ መሄድ አልሆነላትምና ከጎኑ ተቀምጣ ዋለች።

"እቴ ኢሕሳን፣ እኔ የማየው ማራገቢያውን ነው" አላት ኢሳ፤ ጨዋ ሰው ነው። "ሂጂ ልጆችሽን አብዪ።"

"ልጆቼ በልተዋል" አለችው። ንቅንቅ አላለችም።

ኢሳ ማራገቢያውን ቀይሮ አበራው። ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ሁሪያ ብቅ አለች። ያለፈው ዓመት ሙሽራ፣ ጸጉሯን እስከ ወገቧ ለቃ፣ ሂና ያማረበት እጇን ዘርግታ! ኢሕሳን ምስሉ እጅግ ደስ ስላላት የስክሪን ጌጥ ያደረገችው ራሷ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስለምታየው ጭራሽ ረስታዋለች። ኢሳ "አስተግፊሩላህ!" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። እሷም የቶቧን ጫፍ ጥላ ስክሪኑን አለበሰችው።

ነገሩ ከዓይን ቅጽበት አይበልጥም ነበር። ኢሳም ለማንም ትንፍሽ አላለም። ኢሕሳን ግን ራሷ ሁሪያ ቤት ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። ሁሪያ ስቃ ተወችው፤ በዚያ የነበሩት ሴቶች ግን አልተዉትም። ወሬው በማግሥቱ ሐጃ ዘሀቢያ ዘንድ ደረሰ።

ሐጃ ዘሀቢያ የሴቶቹ ትልቅ ናቸው። እሳቸው ያልቆሙበት ሂና አይቀባም። ኢሕሳንን አስጠርተው በግቢያቸው ካለው የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ጥላ ሥር አስቀመጧት፤ ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥም ሰጧት። ከርከዴ ሲሰጡ ቁጣ እንደሚከተል ሸሕዲ ያውቃል።

"ልጄ፣ አንቺን አምናለሁ" አሉ። "ያንን ዕቃ ግን አላምነውም። ዘንድሮ ታመመ፣ ወንድ ነካው። ለከርሞም ይታመማል።"

"ዕቃ ነው ሐጃ፣ መታመሙ አይቀርም።"

"እንግዲያው ሲታመም ልጆቻችንን በሆዱ ይዞ ሐኪም ዘንድ የማይሄድ ዕቃ ፈልጊ። ካላገኘሽ ለሩፊዳ ሂና እንግዳ ሆነሽ ነይ፤ በደስታ እንቀበልሻለን። ካሜራሽን ግን ቤትሽ ተዪው።"

ሩፊዳ የልጅ ልጃቸው ናት። የሐጃ ቤት ካሜራ ከለከለ ማለት፣ ሌላውም ቤት ከለከለ ማለት ነው። ኢሕሳን ከርከዴውን ሳትጨርስ ተነሣች። መንገድ ላይ ስትሄድ ከእንግዲህ በሂና ቤት ባዶ እጇን ተቀምጣ ራሷ ታየቻት፤ ምን እንደምታደርግበት የማታውቀው ባዶ እጅ።

"ዴስክቶፕ ነው የምፈልገው" አለችው ለሙኽታር።

"አንቺ ሴት፣ መብራት ሲጠፋስ? ላፕቶፕ እኮ አንጠልጥለሽው ትሄጃለሽ። ያንን ሳጥን ማን ይሸከመዋል?"

"ማንም እንዳይሸከመው ነው። ከቤት የማይወጣ ዕቃ ነው የምፈልገው። ለመብራቱ የሱቅህን ባትሪ ትሰጠኛለህ።"

"ባትሪዬንም ጨምራ አሰበችበት!" አለ ሙኽታር፤ ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቆ፣ ሱቁን ለወንድሙ ሰጥቶ አብሯት ጎንደር ወጣ።

ነጋዴው አበባው ይባላል፤ ቀልጣፋ፣ ተጫዋች ሰው ነው። ምን ልትሠራበት እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው። ሁለት አቀረበላት። አንደኛው ጎኑ መስተዋት፣ ሆዱ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚሽከረከርበት አዲስ ነው። ሁለተኛው ከመሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ዎርክስቴሽን፣ የከባድ ሥራ ኮምፒውተር ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ። ሙኽታር ዓይኑ መብራቱ ላይ ቀረ።

"ይኼ እኮ ራሱ ሰርግ ነው!" አለ።

"ወንድሜ፣ አመራረጥ ታውቃለህ" አለ አበባው። "ሁለቱም ጥሩ ራም አላቸው፣ ሁለቱም ግራፊክስ ካርድ አላቸው። በፍጥነት ግን አዲሱን የሚያክለው የለም። ያኛው እንግዲህ ካርታና ሕንፃ ሲነድፍ የኖረ ሽማግሌ ነው።"

ኢሕሳን ለመሞከሪያ የሴቶቹን ምስል አልያዘችም፤ የሸሕዲን የፍየል ገበያ ቀርጻ ነው የመጣችው። ኮምፒውተርን የሚያግለው ተቆራርጦ የተቀጣጠለውን ቪዲዮ አንድ ወጥ አድርጎ ማውጣቱ ነው። በሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ጫነችባቸው። ባለመስተዋቱ ፍየሎቹን ቶሎ አድርሶ ድምፁ ሳይሰማ ጨረሰ። ሽማግሌው ገና መንገድ ላይ ነበር።

"አለቀ፣ ደቀቀ!" አለ ሙኽታር።

ኢሕሳን ዙሪያዋን አየች። ሱቁ ውስጥ ሹራብ የለበሱ ሰዎች ይገባሉ ይወጣሉ። ከጎረቤት የትኩስ ዳቦ ሽታ ይመጣል። እሷም አፍራ፣ እንደማይሆን እያወቀች፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ወንድሜ፣ አትቀየመኝና... እዚያ ዳቦ ቤት ምድጃው አጠገብ ብንሞክራቸውስ?"

አበባው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እሷ አለመሳቋን አየ። "ምድጃ አጠገብ? እህቴ፣ ልንሸጠው ነው ወይስ ልንጋግረው?"

"የኛ አገር እንደዚያ ነው" አለች ኢሕሳን። "ሚያዝያ ሲገባ ቤታችን ምድጃ ነው። እዚህ በብርድ ቢሠራ ምን ይረባኛል? አንድ ጊዜ ተታልያለሁ።"

አበባው ራሱን እየነቀነቀ የመብራት ማራዘሚያ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ወንጌል ሁለት ኮምፒውተር ተሸክመው ሲገቡባት እጇ ላይ ያለው ሊጥ ሳይለቅ ቆማ አየቻቸው።

"አበባው፣ ምን ልታደርግ ነው? ያሰብከው ጤና ነው?"

"ሴትዮዋን ጠይቂ፣ እኔ ተሸካሚ ነኝ።"

"ዱቄት ይገባበታል እኮ!"

"ይግባበት" አለች ኢሕሳን። "የኛ አቧራ ከዚህ ይብሳል።"

ወንጌል ወደደቻት። የሊጥ ጠረጴዛዋን ጫፍ ጠርጋ ቦታ ሰጠች። ዕቃዎቹ ፊታቸውን ለምድጃው ሰጥተው ተቀመጡ፤ ፍየሎቹም እንደገና መጓዝ ጀመሩ። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ሳይገዛ ቆሞ ያያል። አንዱ በመስተዋቱ ይወራረዳል፣ አንዱ በጥቁሩ። መስተዋቱ እንደ ልማዱ ቀድሞ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ግን እየተጎተተ መጣ። መብራቱ ሲሽከረከር ኢሕሳን እጇን በጎኑ አስጠጋች፤ መስተዋቱ ያቃጥላል፣ አየር የሚወጣበት ጠፍቶታል። ወንጌል የመጀመሪያውን ዳቦ ስታወጣና የምድጃው ወላፈን ሲመታው ድርግም አለ።

"ፍየሎቹ ገደል ገቡ!" አለ አንዱ ገዢ።

ጥቁሩ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። እያጓራ ቀጠለ። ከኋላው የሚወጣው አየር የወንጌልን ነጠላ ያራግበዋል። ብዙ ዘገየ፤ ሰዉ ሰልችቶት ዳቦውን ይዞ መሄድ ጀመረ፤ ግን ፍየሎቹን ሁሉ ከነባለቤቶቻቸው ገበያ አደረሳቸው። ሙኽታር ጎንበስ ብሎ የዕቃውን ፊት ሲነካካ የተበሳሳው ሽፋን ወለቀ፤ ከውስጡ አቧራ የሚያጣራ፣ የሚታጠብ ስፖንጅ ወጣ።

"ኢሕሳን! ኤር ክሊነር አለው! ልክ እንደ ትራክተር!" ብሎ ጮኸ። ሰርጉንም መብራቱንም ያን ጊዜ ረሳቸው።

እሷ ግን ዋናውን ገና አልጠየቀችም። "ቢበላሽብኝ፣ ምስሎቹን አስቀርቼ አካሉን ብቻ ለጠጋኝ መስጠት እችላለሁ?" አለችው ለአበባው።

"በመስተዋቱ ብሎን መፍታት አለብሽ፣ ገመድ መንቀል አለብሽ። በዚህ ግን..." አለና የጥቁሩን ሆድ በጣቱ ጫን አደረገው። አንድ ጠፍጣፋ ነገር እንደ ኮመዲኖ መሳቢያ ተስቦ ወጣ፤ እጀታም ቁልፍም አለው። "ሲስተሙ በሌላ ዲስክ ነው ያለው። የምትሠሪውን ሁሉ በዚህ ላይ ካደረግሽ፣ ይህን ስታወጪው ዕቃው ባዶ ሳጥን ነው።"

ኢሕሳን ተቀብላ በመዳፏ ያዘችው። እንደ ዳቦው ይሞቅ ነበር። "ይኼ ነው" አለች።

አበባው ውዱ ስላልተሸጠለት ቅር ማለት ሲገባው ሳቀ። "ከእንግዲህ ቆለኛ ሲመጣ መጀመሪያ ወንጌል ጋ ነው የምልከው" አለ።

ሸሕዲ በደረሱ ማግሥት ሐጃ ዘሀቢያ ሳይጠሩ መጡ። ዕቃውን ዞረው አዩት። "እንዴት ያለ አስቀያሚ ነው!" አሉ፤ መውደዳቸው ይሁን መጥላታቸው አልታወቀም። "እሺ፣ ልጆቻችን የት ናቸው?"

ኢሕሳን የላፕቶፑን ምስሎች ሁሉ ያዛወረችበትን መሳቢያ ስባ ሰጠቻቸው። ሐጃ በእጃቸው መዘኑት። "ያ ሁሉ ሴት? ከነጭፈራው?"

"ከነጭፈራው።"

"በይ ኢሳን ጥሪው።"

ኢሳ ብሎን መፍቻውን ይዞ፣ እንደተከሰሰ ሰው ፊቱ ገርጥቶ ገባ። ሐጃ መሳቢያውን በመቀነታቸው ቋጥረው ከኋላው ቆሙ። "አብራው" አሉ። አበራው። ስክሪኑ ላይ ከግራጫ ቀለም በቀር ምንም የለም።

"ፈልግ።"

"ምን ልፈልግ ሐጃ?"

"ሴት ፈልግ! አንድ ጸጉር ብታገኝ ንገረኝ።"

ኢሳ ላቡን እየጠረገ ያለውን ሁሉ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። "ሐጃ፣ በአላህ እምላለሁ፣ አንዲት ሴት የለችበትም! እንኳን ሴት፣ ፍየል የለበትም!"

"ማን ስለ ፍየል ጠየቀህ?" አሉና ሐጃ መሳቢያውን ከመቀነታቸው ፈተው ለኢሕሳን መለሱላት። "ቀጭን ነገር ነው፤ እንዳይጠፋብሽ። ለሩፊዳ ሂና ካሜራሽን ይዘሽ፣ ጊዜ ሳታሳልፊ ነይ።"

ሂናው ያማረ ሆነ። ኢሕሳን ማሽኗን እያስጓራች፣ ያለ በረዶና ያለ ጭንቀት ሥራዋ ላይ ተቀመጠች። ሙኽታርም መብራት ሲጠፋ በሱቁ ባትሪ ያበራላታል፤ ስፖንጁን የሚያጥበው እሱ ነው፣ ለሌላ ሰው አያስነካም።

አንድ ከሰዓት ሐጃ ዘሀቢያ ብቻቸውን መጡ። በሩን ዘጉ። ትንሽ እንደ ማፈር ብለው ከጎኗ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ በሂናው ቀን እኔም... ለጭፈራ ተነሥቼ ነበር መሰለኝ።"

"ተነሥተው ነበር ሐጃ" አለች ኢሕሳን፤ ሳቋን ዋጠች። ከፈተችላቸው። ሐጃ ሻሻቸው ወደ ትከሻቸው ወርዶ፣ ሽበታቸው ተበትኖ፣ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ሲጨፍሩ ሴቶቹ በእልልታ ዙሪያቸውን ከበዋቸዋል።

"ወይ ጉድ! ይቺ እኔ ነኝ? ቁረጪው!"

"እሺ ሐጃ" ብላ እጇን ስታነሣ ሐጃ ያዙት።

"ቆይ። ድገሚው እስቲ።"

ደገመችላቸው። ሌላም ጊዜ ደገመችላቸው። ሐጃ ማሽኑ እስኪያጓራ ድረስ አዩ፤ አንድ ጊዜ እንደ መሳቅ አሉ፣ ከዚያም ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"ለሩፊዳ በሚሰጠው አታግቢው" አሉ በሩ ላይ ቆመው። "ከመሳቢያው ግን እንዳታጠፊው። እዚያ ይቀመጥልኝ፤ አልፎ አልፎ እየመጣሁ አየዋለሁ።"