የቆጮው ጉድጓድ ድንጋይ

ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። እናቴ «ማኅፀኔ ውስጥ እያለሽም አላረፍሽም» ትለኛለች። የዚያን ሰሞን ግን ዕረፍት ያጣችው እሷ ነበረች።

ቤቷ ዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ፣ ከጥንቱ ገዳም ፍርስራሽ ሥር ነው። ከብዙ መቶ ዓመት ወዲህ ከገዳሙ የቀረው ጥድ፣ ሣር የዋጠው የግንብ መሠረትና የተበተነ ጥርብ ድንጋይ ነው። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ «ከዚህ ድንጋይ የወሰደ ይመልስ፤ ግቢውን ልናጥርበት ነው» ብለው ተናገሩ። እናቴ ደግሞ በቆጮዋ ጉድጓድ ላይ፣ የእንሰት ቅጠሉን እንዲጫንላት፣ ከዚያ ያመጣችው አንድ ድንጋይ እንዳላት ነገረችኝ። በልብ ሕመም ተኝታለች፤ ሳትመልሰው መሞትን ፈርታ «መልሺልኝ» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሶዶ በባጃጅ እስከ ግርጌው፣ ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። ከሰዓት ቢሮ እፈለጋለሁ። በጥድፊያ ጓሮ ስገባ ጉድጓዱ ላይ የተደረደሩት ድንጋዮች ሰባት ናቸው። ሁሉም ጠፍጣፋ፣ ሁሉም ጭቃ የለበሱ።

«እማዬ፣ የትኛው ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ስታይው ታውቂዋለሽ» አለችኝ ከአልጋዋ።

ምኑን አውቄው! ዞርኳቸው፣ በእግሬ ነካካኋቸው፣ ሰዓቴን አየሁ። በመጨረሻ ለሸክም የቀለለኝን አንስቼ ሽቅብ ወጣሁ። የገዳሙ ግቢ ጥበቃ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ሰው ከመለሰው ድንጋይ ክምር ላይ ጣልኩት።

«እሱን ነው የመለስሽው?» አለች ስመለስ።

«እሱን ነው» አልኩ አፌን ሞልቼ። ፊቷ ግን አልተፈታም፤ ሕመሙ መሰለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብድግ ስል ሰነበትኩ። ፋይል ከፍቼ እዘጋለሁ፤ ሻይ አዝዤ ሳልጠጣ እወጣለሁ። የታመመች እናቴን መዋሸቴ አሳፈረኝ፤ በራሴም ተናደድኩ። ውሸቴን እንዳመነች ብትሞትስ?

በቀጣዩ ቅዳሜ ማንንም ሳላናግር በጓሮ ገባሁ። የቀሩትን ስድስት ተራ በተራ ላደርስ ነው ሐሳቤ። አንዱን ታቅፌ ቀና ስል እናቴ የጓሮውን በር ተደግፋ ቆማለች።

«እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም ነበር።»

በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

«እኔም ዋሽቼሻለሁ» አለች። «አንድ ነው ያልኩሽ አፍሬ ነው። ውሰጃቸው ልጄ፤ ሁሉም የዚያ ናቸው።»