የኮምፒውተሩ መርዶ

ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም። ልጄ «እማ፣ እኔ ስመጣ እሠራዋለሁ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ልጄ ጸባ ገብታለች፤ ወታደር ናት። ተማሪ ሳለች ትሠራበት የነበረው ትልቁ ኮምፒውተር ቤቴ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። አባቴ ደግሞ ማርሞሬክ ሰፈር ብቻቸውን ነው የሚኖሩ፤ ዓይናቸው ስለደከመ በስልክ የሚላክላቸውን ፊልም አያዩትም። ታዲያ ኮምፒውተሩን ቴሌቪዥናቸው ሥር አስቀምጬ፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ፊልም የሚከፍትላቸው ላደርገው አሰብኩ። ከሁሉ በላይ አንዱን ፊልም፦ እማዬ በወንድሟ ልጅ ሰርግ ላይ ስትጨፍር። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ስትንቀሳቀስ የምትታይበት ሌላ ምንም የለንም። ከካሴት ወደዚሁ ኮምፒውተር ያስገለበጠችው እማዬ ራሷ ነበረች፤ ካሴቱን የት እንዳደረሰችው ግን አናውቅም።

አንድ ቀን ቂርያት ቫይዝማን ሥራ ላይ ቆሜ ውዬ ስመለስ፣ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ፈታሁት። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ። ቢነሣም ይንቀራፈፋል፤ አዲስና ቀለል ያለ ሲስተም ልጫንበት አልኩ። መሃል ላይ የሆነ ነገር ጠየቀኝ፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም ነው። ማን ያነባል! ያላ፣ ቤሰደር፣ ይሁን አልኩና ተጫንኩት። ሲነሣ እንዴት ያምራል! ፈጣን፣ ንጹሕ። ፊልሙን ስፈልግ የለም። ምንም የለም። ክው አልኩ።

አባቴ በየቀኑ ይደውላሉ።

«ያ ሳጥን ደረሰ ወይ?»

«ኬብል ይጎድለዋል አባዬ።»

«ዛሬስ?»

«ኬብሉ አልመጣም።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋሸኋቸው። እህል አልወርድ አለኝ። እማዬን በገዛ እጄ ደግሜ የቀበርኳት መሰለኝ።

ሲብስብኝ ለእማዬ ወንድም ደወልኩና አለቀስኩ። «የእማዬ ፊልም ጠፋ፤ ለአባዬ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?» አጎቴ የትኛው ፊልም ነው፣ እንዴት ጠፋ ብለው እንኳ አልጠየቁም። «ወይኔ እህቴን!» አሉ። ከዚያ «ይኸማ በስልክ አይነገርም። ብቻሽንም እንዳትነግሪያቸው። ሰው ይዤ ጧት እመጣለሁ» አሉ። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው እንዲያ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ። እኔም ተመስገን፣ የሚያግዘኝ አገኘሁ ብዬ ተኛሁ። እንዴት ያለሁ ጅል ነኝ!

በማግስቱ ገና ሲነጋ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለብሰው አባቴ በር ላይ ቆሙ። እኔ ዓይኔ አብጦ ከኋላቸው። አጎቴ አንኳኩ። አባቴ ከፈቱና አንድ በአንድ አዩን። አጎቴ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አባቴ መቃኑን ያዙ።

«ልጅቱ ናት?» አሉ።

እግዚኦ! ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወታደር ባለበት ቤት፣ በጧት፣ ሽማግሌ ይዤ!

«አይደለም አባዬ! እሷ ደህና ናት! ኮምፒውተሩ ነው!»

«ምን?»

«ኮምፒውተሩ! የእማዬን ፊልም አጠፋሁት!»

ደግፌ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ልጅቱ ደህና ናት? በሰንበት ማይልኝ።»

«በሰንበት!»

አላመኑኝም። ደወልኩና ድምጿን አሰማኋቸው። ከእንቅልፏ ስትነሣ የምታወጣውን ያንን ጎርናና ድምፅ ሲሰሙ እንባቸው ወረደ። ስልኩን እንደዘጉ ግን ከዘራቸውን አነሡ። «ልትገድሉኝ ነው የመጣችሁ? ለሳጥን ሦስት ሽማግሌ!»

አጎቴ አፈሩ። ነገር ለማስቀየር ወደኔ ዞረው «ለመሆኑ የትኛው ፊልም ነው?» አሉኝ።

«ያንቱ ልጅ ሰርግ ነዋ! እማዬ የምትጨፍርበት።»

«የኔ ልጅ ሰርግ?» ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ አዩ። «ካሴቱማ እኔ ቤት ነው ያለ! እህቴ አስገልብጣ መልሳልኛለች፤ ብፌው ውስጥ ነው!»

የሰርጉን ባለቤት መጠየቅ እንዴት አልታየኝም! ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለብኝ። አባቴም ከዘራቸውን ጣል አድርገው ይስቁ ጀመር። እፎይ! ከሁለት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ ምግብ የቀመስኩት ያን ጧት ነው፤ የአባቴን ዳቦ ለብቻዬ ጨረስኩት።

ካሴቱን ፎቶ ቤት አስገለበጥኩና ሦስት ቦታ አስቀመጥኩት። ዓርብ ቀን፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ማርሞሬክ ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ሥር አድርጌ፣ ኬብሉን ሰክቼ፣ ሪሞቱን ለአባቴ ሰጠሁ። ተጫኑት። እማዬ መጣች። ትከሻዋን እየሰበቀች፣ ካሜራ የያዘውን ሰውዬ «ወዲያ በል!» እያለች በእጇ ታባርራለች። አባቴ ወዲያው አቆሟት። እጇ እንደተነሣ ቀረ።

«ምነው አባዬ? አይታይም?»

«ይታያል። ቆይ፣ መጀመሪያ ልጅቱን ደውይልኝ።»

ደወልኩ። ቶሎ አነሣች፤ ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ ይሰማል። «ደህና ነኝ፣ ቤሰደር፣ ቤሰደር» አለቻቸው። መረቋትና ስልኩን መለሱልኝ። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።

«ደህና ናት» አሏት እማዬን። «በይ፣ አሁን ጨፍሪ።»

ቁልፉንም ተጫኑት።