ሥራ የፈታች ፈረስ ቀለብ

የግልቢያ ፈረሶቹን ቀላቢ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ የጋጣው ሰው ሁሉ «ጋሽ ጨምርበት» ነው የሚለው። ገብስ ሲሰፍር ጣሳውን ሞልቶ አያበቃም፣ ከላዩ አንድ እፍኝ ካላከለበት እጁ አይሰበሰብለትም። ሰውንም ቢሆን አይምርም። እቤቱ የሄደ እንግዳ «በቃኝ» በማለት ብቻ ተገላግሎ አያውቅም።

ከፈረሶቹ ሁሉ አብልጦ የሚወዳት ቀይ ዳማዋን ባዝራ ነበር። ከውርንጭላነቷ ጀምሮ በእጁ ያሳደጋት እሱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህም የሆዱን የሚያጫውታት እሷን ነው፤ ምክር ስለማታበዛበት ከብዙ ሰው ትሻለኛለች ይላል።

የፈረሶቹ አሰልጣኝ በዕድሜ ልጁ ይሆናል፤ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮታል። ፈረስ በምትለፋበት ሰሞን ገብሷ ይጨመርላታል፤ ቆማ በምትውልበት ቀን ግን ይቀነሳል፣ ድርቆሹን ብቻ እንደ ልቧ ትብላ። ጉልበት የሚሆነው እህል መውጫ ካጣ ሰውነቷ ውስጥ ተጠራቅሞ ጠላት ይሆንባታል። ጋሽ ጨምርበት ይህ አልጠፋውም። ችግሩ ሌላ ነው። ልጅ ሳለ አባቱ ወገቡን ታሞ ከሥራ የቀረ ጊዜ፣ የእንጀራ እናቱ የአባቱን ድርሻ ከቀን ወደ ቀን ስታሳንስ ዐይኑ አይቷል። አባቱም አንገቱን ደፍቶ የተሰጠውን ይበላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈታ ተብሎ የማንም ምግብ ሲቀነስ አንጀቱ አይችልም።

አንድ ሰሞን ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ አደረገውና ፈረሶቹ ሳምንቱን ሙሉ ከጋጣ ሳይወጡ ቀሩ። ለሌሎቹ እንደ ታዘዘው ቀነሰ፣ ያውም እያጉረመረመ። ዳማዋ ጋ ሲደርስ ግን እጁ አልታዘዝ አለው። ስትለፋ ከርማለች፣ አሁን እንኳ ተንደላቅቃ ትብላ ብሎ ሙሉውን ሰፈረላት፤ እፍኙንም አልተወም። የፍቅር ጅልነት ማለት ይሄ ነው።

ፀሐይ በወጣ ዕለት ጋላቢዋ ልጅ ዳማዋን ይዛ ወጣች። ሜዳውን አንዴ እንኳ ሳይዞሩ የፈረሷ የኋላ እግሮች ተገተሩ። ላብ አጠመቃት፣ ጭኗ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ሽንቷ ጠቁሮ ወረደ። ጋላቢዋ ያለ ልክ ያስሮጠቻት መስሏት ልጓሙን እንደያዘች ታለቅስ ጀመር። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ጭኗን ዳሰሰና ቆማ በከረመችበት ሳምንት ምን ስትበላ እንደነበር ጠየቀ። ሁሉም ወደ ቀላቢው ዞረ።

«ሙሉ ገብስ» አለ ጋሽ ጨምርበት። «ልጅቷን አትቆጧት። እኔ ነኝ።»

አሰልጣኙ ፊቱን አዙሮ ልጓሙን ከልጅቷ እጅ ተቀበለ። ቢጮህበት ይሻለው ነበር።

ዳማዋ በብዙ መከራ ነፍሷ ተረፈ፤ ጡንቻዋ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ትንሽ ሶምሶማ ስትል እየያዛት ትቆማለች። የጋጣው ባለቤት የማትጋልብ ፈረስ አልቀልብም ብሎ ለአንድ ጋሪ ነጂ ሸጣት። ጋሽ ጨምርበት እኔ ልውሰዳት ብሎ እግሩ ላይ ወድቆ ለምኗል። ግን የሚኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው፤ ፈረስ የሚያስገባበት ቦታ የለውም።

ሊወስዳት የመጣው ጋሪ ነጂ ክፉ ሰው አይመስልም። አንገቷን መታ መታ አደረገና ቀለቧ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ያኔ ጋሽ ጨምርበት ዕድሜውን ሙሉ ብሎት የማያውቀው ቃል ከአፉ ወጣ።

«አደራህን ወንድሜ፣ ሥራ በሌላት ቀን ገብሱን ቀንስባት። ብታሳዝንህም ቀንስባት።»

ሰውየው ሳቀ።

«ለእሱስ አያስቡ ጋሼ። እኔ ጋ ሥራ የሌለበት ቀን የለም።»

ገመዱንም ከእጁ ተቀበለው።