ያልቀላው ቁስል

ትዕዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። «ሳይነጋ ከጉብታው ሥር ትደርሳላችሁ» ተባልን፤ ሌላ ማብራሪያ አልተሰጠንም። ጉብታው ስም የለውም። ካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው፤ እኛ ግን ከሩቅ ሲያዩት የተደፋ ድስት ስለሚመስል «ድስቱ» አልነው። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች «ስለ ጦርነት ንገረን» ሲሉኝ ስለ ድስቱ ብቻ እንዳወራ ይፈልጋሉ። እሱንም አወራለሁ። ነገር ግን ድስቱ የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የተፈጸመው እዚሁ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ሰው አልጋ ላይ ነው።

እኔ የመቶአችን የሕክምና ረዳት ነበርኩ። ጥቂት ወራት ሰልጥኜ አንድ ቦርሳ ተሰጠኝ፤ ጓዶቼም በዚያው ቀን «ዶክተር» አሉኝ። ያ ሹመት እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ ሰፈር ውስጥም የምጠራው በዚሁ ነው። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። እኔ ጋምቤላ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ስለዚህ መቶአችን ውስጥ የአገሬን የጋምቤላን ልጅ ኦባንግን ሳገኝ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ተደሰትኩ። ኦባንግ የአኙዋ ልጅ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ቆዳው ድፍን ጥቁር፣ ምላሱ ደግሞ ማንንም የማይምር።

ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መውጣት ጀመርን። የጠላት መትረየስ ግማሽ መንገድ እስክንደርስ ዝም አለ። ከዚያ ተከፈተ። ተኛን። ተነሳን። እንደገና ተኛን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጫፉን ያዝን። ስድስት ሰዓት ላይ በሞርታር መቱን። ስለ ጀግንነት ብዙ የምለው የለኝም፤ ከዚያ ቀን የማስታውሰው የውሃ ጥሙን ነው። ሃምሳ አለቃ ታደለ ጭኑን በጥይት ተመቶ አጥንቱ ተሰበረ። ኦባንግ ጀርባውን በፍንጣሪ ተመታ። ስደርስለት «ዶክተር፣ እግሬን ማን ወሰደው?» አለኝ። እግሮቹ እዚያው ነበሩ።

ሁለቱን በቃሬዛ አወረድናቸው፤ እኔም አብሬያቸው ከግንባር ኋላ ወዳለው ሆስፒታል እንድሄድና እንዳስታምማቸው ታዘዝኩ። የታደለ ቀዶ ሕክምና ተሳካ። አጥንቱ እስኪገጥም ግን በጀርባው ተኝቶ መቆየት ነበረበት። በአምስተኛው ቀን «ወገቤ ሥር ያቃጥለኛል» አለኝ። ገለበጥኩት። ታደለ ቀይ ሰው ነበር፤ ከመቀመጫው በላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ፍም መስሎ ቀልቷል። በጣቴ ተጫንኩት፤ ጣቴን ሳነሳም ቅላቱ አልለቀቀም።

«ከመተኛት ብዛት ነው፣ ይጠፋል» አልኩት። ቫዝሊን ቀብቼ አጥብቄ አሸሁት፤ መልሼም በጀርባው አስተኛሁት። ያደረግኩት ይህንን ነው፤ አልደብቅም። ቦታው ጠቆረ፣ ተከፈተ፣ አጥንት እስኪታይ ድረስ ጠለቀ። ትኩሳት ያዘው። «ዶክተር፣ ጥይት ያልቻለኝን ፍራሽ ቻለኝ» አለኝ፤ ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ።

ኦባንግ ከወገቡ በታች ሳይንቀሳቀስ ቀረና ኒውላንድ ወደምትኖረው ታላቅ እህቱ አኳታ ቤት መጣ። እኔም ግዳጄን ጨርሼ ተመለስኩ፤ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት እዚያ እገባለሁ። ኦባንግን አገላብጬ ከአንገቱ እስከ ተረከዙ እፈትሸዋለሁ። የታደለን ቅላት አይቼ ችላ ብያለሁ፤ ሁለተኛ ቅላት እንዳያመልጠኝ ለራሴ ምያለሁ።

«ቀይ ነገር የለም» እላለሁ።

«ኧረ ዶክተር፣ እኔ መቼ ቀልቼ አውቃለሁ?» ይለኛል።

እስቃለሁ፣ እሄዳለሁ። ለስንት ጊዜ እንዲህ እንደሳቅኩ እንጃ። ቁም ነገር በቀልድ ሲነገር ጆሮ አይገባም።

አኳታ ከባሮ የሚወጣ ዓሣ ገበያ ውስጥ ትሸጣለች። ዓሣውን ከአጥማጆቹ ስትቀበል በዓይኗ አታምንም፤ በጣቷ ትጫነዋለች፣ ሥጋው ካልተመለሰ አትገዛም። አንድ እሁድ ጠዋት ወደ አምልኮ ከመሄዳችን በፊት ወንድሟን ስታጥብ ጠራችኝ።

«ዶክተር፣ ና። እዚህ ንካ።»

ግራ ዳሌውን ነው የምታሳየኝ። አየሁ። «ቀይ የለም» አልኳት።

«አይን ተው። እጅ ስጥ» አለችና እጄን ይዛ መዳፌን ገልብጣ አስቀመጠችው። «ይሄ ሙቅ ነው። እዚያ ማዶ ሙቅ አይደለም። ደግሞ ተጫን። ይሄ ሥጋ እንደ ሌላው አይደለም።»

እውነቷን ነበር። ከቀኝ ዳሌው ይልቅ ይሞቃል፣ ይጠነክራልም። አልጋውን ወደ በሩ ብርሃን ስበን ስናይ የእንቁላል ያህል ቦታ ከዙሪያው ይበልጥ ጠቁሮ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ታደለ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ኦባንግ። የሚያመው ነገር የለም፤ ከወገቡ በታች ስሜት የለውም።

ከአምልኮ በኋላ ሲስተር ኛዳክን ይዤ መጣሁ። ኛዳክ ጎረቤታችን ናት፤ ትየርኪዲ መጠለያ ጣቢያ ስደተኞችን ስታክም ብዙ ዓመት ቆይታለች። መጽሐፍ ቅዱሷን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ በእጇ ጀርባ ዳሌውን ነካካች።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«አላውቅም፣ ሲስተር። በየቀኑ አየዋለሁ። ቀይ እየጠበቅኩ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ቀይ የሚጠበቀው በቀይ ሰው ላይ ነው፣ ወንድሜ። እንደ እኔ፣ እንደ ኦባንግ ያለ ቆዳ ላይ ቅላት ቢኖርም አይታይም። ከጎኑ ካለው ቆዳ ጋር ነው የምታስተያየው። ይበልጥ ጠቁሯል? ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል? ጠንክሯል ወይስ ረግቧል? ስሜት ያለው ሰው ያመዋል፣ ያሳክከዋል፣ ይነግርሃል። እሱ አይነግርህም።»

«ይድናል?» አለች አኳታ።

«ቆዳው አልተከፈተም። ገና መጀመሪያው ላይ ነው። ከዚህ ቦታ ላይ ክብደቱን ካነሳችሁለት ይመለሳል። ካላነሳችሁለት ግን ምንም መድኃኒት አያድነውም።»

እኔ ልማዴን አልተውኩም፤ ቫዝሊኑን አንስቼ «ልሸው?» አልኩ። እጄን ያዘችው።

«አትሸው! ከሥር ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ተጎድቷል፤ አንተ ደግሞ ትፈጭለታለህ?»

ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። አለቀስኩ፤ ለታደለ ነው ያለቀስኩት። ሃምሳ አለቃዬን በገዛ እጄ እንደጎዳሁት ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው። ኛዳክ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ነገርኳት። «አላወቅክም ነበር፤ አሁን ግን አውቀሃል። ግባና ሥራ» አለችኝ። እንደ አዛዥ ነው የተናገረችው፤ ገባሁ።

መጀመሪያ ከአንሶላው ሥር ያነጠፍነውን ላስቲክ አወጣን። ፍራሹ እንዳይረጥብ ያደረግነው ነው፤ በጋምቤላ ሙቀት ግን ላስቲክ ላይ የተኛ ሰው በላቡ ይቀቀላል። ከጓዶቻችን አንዱ የባጃጅ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ነፍቶ ዳሌው ቀዳዳው መሀል እንዲገባ ብሎ አመጣ። ብልሃተኛ መስሎን ነበር። ኛዳክ «ዙሪያውን አንቆ ደም ይከለክላል» ብላ መለሰችው። ከተማው ውስጥ ከኦባንግ ሌላ ከመቶአችን አራት ሰዎች ነበርን፤ በየሁለት ሰዓቱ የሚገለብጠው ተረኛ እንደ ዘብ መደብን። ሌሊት እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ዘብ እንደማይሆን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የሌሊቱን ተራ አኳታና እኔ ተካፈልነው።

አገለባበጡም ትምህርት ነበረው። መጎተት የለም፤ ሁለት ሰው ሆኖ በአንሶላ ማንሳት ነው፣ ጉተታ ቆዳ ይልጣል። ሙሉ በሙሉ በጎኑ አናስተኛውም፤ ከጀርባው ትራስ አስደግፈን በከፊል ነው የምናዘነብለው። በጉልበቶቹ መካከል ትራስ፣ ከባቱ ሥር ትራስ፣ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ። ቆዳው በለብታ ውሃ ታጥቦ፣ ሳይታሽ፣ መታ መታ ተደርጎ ይደርቃል። ዓሣ፣ እንቁላል፣ ባቄላ እንዲበላ፣ ውሃም ደህና አድርጎ እንዲጠጣ ታዘዘ። «ከተከፈተ፣ ከሸተተ ወይም ካተኮሰው ሰዓት ሳትቆጥሩ ሆስፒታል» ብላ ኛዳክ አስጠነቀቀችን።

ግራ ጎኑ የተከለከለ ቀጠና ሆነ። ችግሩ ኦባንግ ግራ ጎኑን የሚወደው በሩን ስለሚያሳየው ነበር። ንፋሱ፣ አላፊ አግዳሚው፣ ወሬው ሁሉ በበሩ ነው የሚገባው። ለካ ቀኑን ሙሉ ወደዚያ ዞሮ የሚተኛው ለዚህ ነው፤ እኛም ደስ ይበለው ብለን እንተወው ነበር። በቀኝ ስናስተኛው ከግድግዳ ጋር ተፋጠጠ።

«ለግድግዳ ምን አወራለታለሁ?» አለ። በሁለተኛው ቀን አኩርፎ ምግብ አልበላም አለ። በሦስተኛው ተረኛው ዘወር ሲል በክንዱ ተንፏቆ ወደ ግራ ተገልብጦ አገኘነው። ተቆጣሁ። «መሞት ትፈልጋለህ?» ብዬ ጮህኩበት። «በር ማየት ነው የምፈልገው» አለኝ። አኳታ የአልጋውን ጫፍ ያዘችና «አንሱ» አለችን። አዞርነው፤ ራስጌው ግርጌ በነበረበት ሆነ። አሁን በቀኝ ሲተኛም በሩን ያያል። እኛ አራት ወታደሮች ሦስት ቀን ሙሉ ሰውየውን ስናዞር አልጋው እንደሚዞር አልታየንም።

በየጠዋቱ አኳታ እጇን ታሳርፋለች። «ዛሬም ሙቅ ነው» ትላለች። በአራተኛው ቀን ሙቅ ነው። በስድስተኛው «ትንሽ ብቻ» አለች። ጥቁረቱ በዝግታ ከዳር ወደ መሀል አነሰ። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል እጇን ጣል አድርጋ ወደ ሌላኛው ዳሌ ሄደች፣ ተመለሰች።

«ዶክተር፣ የታለ?»

እኔም ፈለግኩ። ተጫንኩ። ኦባንግን ምን ያህል ጊዜ እንዳገላበጥነው እንጃ፤ «ኧረ ተዉኝ፣ እናንተ ሰዎች» እስኪል ድረስ። የለም። አኳታ በአኙዋ ቋንቋ ጸለየች፤ አሜን ያልኩት ሳልረዳው ነው፣ ልቤ ግን ተረድቶታል።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ወጣቶች ስንት ሰው እንደሞተብን ይጠይቁኛል። ድስቱ ላይ አራት ሰው ቀበርን። ታደለን አምስተኛ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ጉብታው ላይ ባይወድቅም ከጉብታው የመጣ ሞት ነውና። አምስት ናቸው። ጦርነት ሰው የሚገድለው በተኩስ ብቻ እንዳይመስላችሁ እላቸዋለሁ፤ ተኩሱ ካበቃ በኋላም በለስላሳ ፍራሽ ላይ ቀስ ብሎ ይገድላል፣ ያንን ደግሞ በባዶ እጅ መመከት ይቻላል።

ኦባንግ ዛሬ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሞባይል ይጠግናል። ወንበሩ ላይም ያው ሕግ አለ፤ በየሩብ ሰዓቱ በሁለት ክንዱ ተደግፎ መቀመጫውን ከወንበሩ ላይ ያነሳል፣ ደሙ እስኪዘዋወር ትንሽ ቆይቶ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት እዚያው ነበርኩ። አዲስ ደንበኛ ስልኩን ሰጥቶ ሲጠብቅ ኦባንግ ድንገት ከወንበሩ ብድግ አለ። ሰውየው ሥራ ጨርሶ ሊሄድ የተነሳ መስሎት እሱም ደንግጦ ተነሳ።

«ቁጭ በል፣ ወንድም» አለው ኦባንግ፣ ክንዶቹ እንደተወጠሩ። «እኔ የትም አልሄድም።»