ሳይነካ የተቀባው ዳዶ

ልብስ ሰፊዋ የልጇን የሞተር ብስክሌት ውድድር አንድም ቀን አይታ አታውቅም። ሜዳው ድረስ አብራ ትሄዳለች፤ ሞተሮቹ ሲነሱ ግን ፒክአፕ መኪናቸው ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዘግታ ታዳምጣለች። የልጇን ሞተር ከሌላው ሁሉ ትለየዋለች። ድምፁ ሲቀጥን ልጅቷ አየር ላይ ናት፤ መልሶ ሲወፍር መሬት ነክታለች ማለት ነው። እናትየውም ያኔ ትተነፍሳለች። ሰዉ ልጅቷን በዝላይዋ «ፌንጣ» ይላታል።

«ሌላ ስም አጡ? የፌንጣ እግር ቶሎ ነው የሚሰበረው» ትላለች እናትየው።

ፍርሃቷን የምታስታግስባት አንዲት ሥራ ነበረቻት። መካኒኩ ባሏ የሞተሩን ዳዶ ሁሉ በቁልፍ ያጠብቃል፤ እሷ ከኋላው እየተከተለች በጣቷ ትሞክረዋለች። አልነቃነቅ ካላት በቀይ የጥፍር ቀለም ትቀባዋለች። ቀይ ያለበት ጠብቋል፤ አለቀ። እሷ ያልነካችውን እሱ አያምነውም።

የዚያን ቀን የአንድ ትልቅ ቡድን አሠልጣኝ ፌንጣን ሊያይ መጥቷል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዷ ሆና ከገባች ይወስዳታል። የእናትየው ዓይን ከጠዋት ጀምሮ ከእሱ ላይ አልተነቀለም።

ውድድሩ ተጀምሮ እሷ ፒክአፑ ውስጥ ተኮራምታ ሳለ ባሏ መስኮቱን አንኳኳ። ፊቱ ፈክቷል።

«እየመራች ነው! አንቺዬ፣ ደግሞ መካኒክ ወጥቶሻል። የኋላ ጎማውን ዳዶ ጀምሬ ሰው ቢጠራኝ ሄድኩ፤ ስመለስ ቀይ ሆኖ አገኘሁት። በየትኛው ቁልፍ አጠበቅሽው?»

«እኔ? አንተ አጥብቀኸው ነው እንጂ!»

«በጣትሽ አልሞከርሽውም?»

ዓይኗ አሠልጣኙ ላይ ሆኖ ቀለሙን ብቻ እንዳስነካችው ትዝ አላት። የሰውየው ፊት አመድ መሰለ።

«ምናልባት አጥብቄው ይሆናል...»

«ምናልባት ትላለህ? ልጄ እላዩ ላይ ናት!»

«ቁሚ» የሚለውን ሰሌዳ ይዞ ወደ መንገዱ ጠርዝ ሮጠ። ችግሩ ባለፈው ዝናብ ሲጥል ፈርቶ በከንቱ አስቁሟት ነበር። «ሁለተኛ በአንተ ፍርሃት አልቆምም፣ አባዬ» ብላዋለች። እውነትም ሰሌዳውን እያየች ጥላው አለፈች።

እናትየው የፒክአፑን በር ከፈተች። ወርዳ ወደ ባሏ ሮጠች። ሰሌዳውን ከባሏ እጅ ነጠቀችና አቧራው ውስጥ ቆመች። ሞተሮቹ በሚቀጥለው ዙር ከጉብታው ጀርባ እያጓሩ መጡ። የልጇ ሞተር ድምፅ ቀጠነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሳትጨፍን ልጇን አየር ላይ አየቻት፤ ያ የኋላ ጎማም ከሥሯ ይሽከረከራል። ጎማው መሬት እስኪነካ ትንፋሿ ተይዞ ቀረ።

ፌንጣ ከፒክአፕ ወጥታ የማታውቀውን እናቷን ስታይ ፍሬን ያዘች።

«እየመራሁ እኮ ነበር! እማዬ፣ አንቺም?»

አባትየው ተንበርክኮ ዳዶውን በሁለት ጣቱ ያዘው። እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረ።

ልጅቷ ሄልሜቷን አውልቃ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሌሎቹ እያጓሩ አለፏት፤ አሠልጣኙም ዓይኑን ወደ እነሱ መለሰ።

«እኔ ነኝ ሳልነካ የቀባሁት» አለች እናትየው።

አባቷ ዳዶውን አጥብቆ ሲጨርስ ፌንጣ የእናቷን እጅ ሳበችና ብረቱ ላይ አስቀመጠችው።

«አሁን ንኪው።»

እናትየው ሞከረችው። አልተነቃነቀም። ደግማ ሞከረችው፤ ደግማ፣ ደግማ። ቀለሙን ለመቀባት ግን ድፍረት አጣች።